ጋሽ ጠሃና ሦስቱ ፖርቶች

ጋሽ ጠሃ መሞታቸውን የነገረችኝ ሰናይት ናት። ሸዋ ሮቢት በሠራሁባቸው ዓመታት ካርድ ክፍሉን ትይዝ የነበረች ባልደረባዬ ናት፤ ዛሬም እዚያው ነች። ስልኩን እንዳነሳሁ ሰላምታውን እንኳን ሳታስረዝም፣ «ተሜ፣ ጋሽ ጠሃ አረፉ። ትናንት ከዙሁር በኋላ ተቀበሩ» አለችኝ። «ነፍስ ይማር» አልኩና ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነው። እኚህ ሰው በሕይወት እያሉ አንድ ሥራ በሰላም አላሠሩኝም። ከተለያየን በኋላም በስልክ ለስድስት ዓመት ነዘነዙኝ። አሁን ደግሞ የሚጠይቁኝን ነገር ሳልመልስላቸው ጥለውኝ ሄዱ። በሞተ ሰው ይናደዱበታል ወይ? እኔ ተናድጄባቸዋለሁ።

ሸዋ ሮቢት የተመደብኩት ዩኒቨርሲቲ በጨረስኩበት ዓመት ነው። ሆሳዕና ተወልዶ ላደገ ሰው የዚያ አገር ሙቀት ቀልድ አይደለም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሸሚዝ ከጀርባ ይጣበቃል፤ ሰባት ሰዓት ሲሆን ባጃጆቹ ሳይቀሩ ዛፍ ሥር ተደርድረው ያንቀላፋሉ። እሱን ለመልመድ እየታገልኩ ሳለ ጋሽ ጠሃ ተጨመሩልኝ። የጤና መረጃ የሚሰበስብ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እኔ ባለሙያ፣ እሳቸው ረዳት ተብለን አንድ ክፍል ተሰጠን። በወረቀት አለቃቸው እኔ ነበርኩ። ይህንን ግን ወረቀቱ እንጂ እሳቸው አያውቁትም።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ነጭ ኮፍያቸው ከራሳቸው አይወርድም። ሁለት መነጽር ነበራቸው፣ አንዱ አፍንጫቸው ላይ፣ አንዱ ግንባራቸው ላይ። በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት፤ አንዷን ፊደል ፈልገው፣ አግኝተው፣ ተጭነው፣ መጻፏን አረጋግጠው ነው ወደ ቀጣይዋ የሚሄዱት። ጥያቄ ሲጠየቁ ዓይናቸውን ይጨፍኑና ቀኝ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ይለጥፋሉ። ይህ ልማድ የመጣው ከድሮ ሥራቸው ነው። ስልክ በእጀታ በሚዞርበት ዘመን የከተማው ማዞሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ፊታቸው በቀዳዳ የተሞላ ሰሌዳ፣ እጃቸው ላይ ገመድ፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ፤ ደዋዩን ከተደዋዩ የሚያገናኙት እሳቸው ናቸው። የከተማውን ሰው ፍቅርና ጠብ፣ ልቅሶና የሠርግ ድርድር በዚያ ጆሮ ሰምተዋል። እኔም ወሬ የምወድ ሰው ነኝና፣ «እስቲ አንዱን እንኳን ያጫውቱኝ፤ የሞቱ ሰዎችን ይሁን ግድ የለም» ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው።

«በመስመሬ ያለፈ የሰው ነገር የባለቤቱ ነው» ይሉኛል። «ባለቤቱ ይናገረው፤ እኔ ማገናኘት ብቻ ነው ሥራዬ።»

«ሰዎቹ እኮ ሞተዋል ጋሽ ጠሃ!»

«እንግዲያው አብሯቸው ይቀበር፣ ዲግሪው።»

ዲግሪው የሚሉት እኔን ነው። ስሜን በትክክል ያውቁታል።

ሥራችን እንዲህ ነበር። የቆላው ሰው ተንቀሳቃሽ ነው። ዛሬ ካራቆሬ የታከመ ገበሬ ነገ ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ ይታመማል፤ አሊዩ አምባ መድኃኒት የጀመረች ነጋዴ ሳምንቱን ሌላ ከተማ ትውላለች። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ የሕመም ታሪካቸው የትናየት ቀርቷል። ስለዚህ በሦስቱ ከተሞች ያሉ የሕክምና ጣቢያዎች በየኮምፒውተራቸው የሚመዘግቡት ሁሉ እኛ ክፍል ወዳለው አንድ የመረጃ ቋት በራሱ ጊዜ እየተገለበጠ እንዲገባ ተወሰነ። ከብዙ ምንጭ ወደ አንድ ቋት መቅዳት ማለት ነው። ሦስቱም በአንድ መስመርና በአንድ አድራሻ ስለሚገቡ፣ ቋታችን አንዱን ከሌላው የሚለየው በገባበት ፖርት፣ ማለትም በኮምፒውተሩ መግቢያ በር፣ ቁጥር ብቻ ነበር። በዚህ ቁጥር የገባውን የካራቆሬ ነው ብሎ ያስቀምጣል፤ በዚያኛው የገባውን የአሊዩ አምባ ነው ይላል። በሦስቱም ጣቢያ የካርድ ቁጥር ከአንድ ስለሚጀምር በፖርቱ ከተሳሳተ የሚያርመው ሌላ ምልክት የለም።

ሦስት ቁጥር መምረጥ ለእኔ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። ከጋሽ ጠሃ ጋር ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ፕሮግራሙ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ቁጥር 3306 ነው። እሱን ገና ከአፌ ሳይወጣ ጣሉት፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው እሱን ነው አሉ። በዚህ እንኳን ልክ ነበሩ። «እሺ፣ 3307፣ 3308፣ 3309 እናድርገው» አልኩ።

«ተጎራባች ቀዳዳ አልሰጥም።»

«ለምን?»

«እጅ ይስታል።»

«ጋሽ ጠሃ፣ እዚህ ምንም እጅ የለም። ኮምፒውተር ነው።»

«ኮምፒውተሩ ላይ የሚጽፈው ታዲያ ምንድን ነው? እግር ነው?»

ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባቸውን ፖርቶች ዝርዝር አትመው አርባ ገጽ ወረቀት በማስመሪያና በቀይ እስክሪብቶ መስመር በመስመር አነበቡ። ለሩብ ዓመቱ የሥራ ዕቅድ ሲሞላ ከሌላው ሠራተኛ ሃያ ተግባር አጠገብ የእሳቸው ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ፖርት መምረጥ።» ኃላፊያችን ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ መጣና፣ «ይሄ ምን ማለት ነው?» አለኝ። እኔ ምን ልበለው? በመጨረሻ ቁጥሮቹን ይዘው መጡ። የካራቆሬ 3312፣ የሸዋ ሮቢት 3327፣ የአሊዩ አምባ 3341። ከየት አመጧቸው ብትሉ፣ በድሮው ሰሌዳ ላይ የሦስቱ ቦታዎች ቀዳዳ አሥራ ሁለተኛው፣ ሃያ ሰባተኛውና አርባ አንደኛው ነበር። ሰሌዳው ከተነቀለ ስንት ዘመን ሆኖታል! እኔ በዚያች ሰዓት ወንበሩን አንስቼ በመስኮት ብወረውር ደስ ይለኝ ነበር።

ቁጥሩ ተመርጦ ቢያልቅ እንኳን አንድ ነገር ነው። ጋሽ ጠሃ ግን ካርድ ዜሮ የሚባል ነገር ፈጠሩ። በየጣቢያው የማንም በሽተኛ ያልሆነ አንድ ባዶ ካርድ አስከፈቱ። መብራት በሄደ ወይም መስመር በተቋረጠ ቁጥር፣ ያ ደግሞ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ነው፣ ግንኙነቱን መልሰው ከመክፈታቸው በፊት ወደ ጣቢያው በሞባይል ይደውላሉ።

«ማን ልበል?»

«ኧረ እኔ ነኝ ጋሽ ጠሃ፤ ድምፄን አጡት እንዴ?» ትላለች የካራቆሬዋ ነርስ።

«ያንቺን ድምፅማ አውቃለሁ። የማላውቀው የማሽንሽን ነው። ካርድ ዜሮ ላይ ዛሬ ያየሽውን ነገር ጻፊልኝ።»

እሷም «ግመል አስፋልቱን ዘግቶት አረፈድን» ብላ ትጽፋለች። ጋሽ ጠሃ ያቺ ዓረፍተ ነገር በካራቆሬ ቦታ መግባቷን እስኪያዩ ድረስ አይነቃነቁም። ካዩ በኋላ «አልሐምዱሊላህ፣ ተገናኝቷል» ብለው ደብተራቸው ላይ ሰዓቱን ይጽፋሉ። ከዚያ አሊዩ አምባ፣ ከዚያ እዚሁ ሸዋ ሮቢት። አርባ ደቂቃ! እሱን ጨርሰው ሻይ ሲያዙ መብራት ይሄዳል። እንደገና «ማን ልበል?»

እኔም ሳይንሱን አውቃለሁ ብዬ ሦስት አረንጓዴ መብራት የምታሳይ አንዲት ገጽ ሠራሁ። መስመሩ ሲገናኝ ትበራለች፣ ሲቋረጥ ቀይ ትሆናለች። ኩራት ኩራት እያለኝ አሳየኋቸው። መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዩዋት።

«ጎበዝ። ይህቺ አንድ ሰው እየተናገረ መሆኑን ትነግርሃለች» አሉኝ። «ማን እንደሆነ ግን አትነግርህም።»

በዚያን ዘመን ሁሉም መሥሪያ ቤት በአንድ ለአምስት የተደራጀ ነው፤ ግምገማ ደግሞ እንደ ምሳ ሰዓት የማይቀር ነገር ነበር። አንድ ቀን እጄን አወጣሁና የሆዴን ዘረገፍኩት። ጋሽ ጠሃ ለውጥ አይቀበሉም፣ በኋላ ቀር አሠራር ሥራ ያጓትታሉ፣ ከወጣት ባለሙያ ለመማር ፈቃደኛ አይደሉም አልኩ። ጋሽ ጠሃ አንገታቸውን ደፍተው ቃል በቃል ይጽፋሉ። ስጨርስ ቀና ብለው፣ «‹ያጓትታሉ› ከማለትህ በፊት አንድ ነገር ብለህ ነበር፤ አመለጠኝ። ድገምልኝ እስቲ» አሉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የተሳቀው በእኔ ነው።

እትዬ ሉባባን ያወቅኋት በዚህ መሐል ነው። የጋሽ ጠሃ የግድግዳ ጎረቤት ናት፤ ሁለቱም የአሊዩ አምባ ተወላጆች ናቸው፤ እሷ ማሾ ከገበሬ እየገዛች ለመኪና ነጋዴዎች የምታስረክብ ብርቱ ሴት። ልጅ እግር ሳለች አሊዩ አምባ ውስጥ የተወጋችው ፔኒሲሊን ሊገድላት ነበር። ያን ጊዜ የነበረው ነርስ፣ ይህ መድኃኒት እንዳይሰጣት ብሎ ወረቀት ጻፈላት። ማንበብ አትችልም፤ የመድኃኒቱንም ስም አትይዘውም። ወረቀቱን ግን በላስቲክ ጠቅልላ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ያን ሁሉ ዘመን ይዛው ዞራለች። ከዕጥፋቱ ብዛት አራት ቦታ ሊቀደድ ደርሶ ነበር። ማስጠንቀቂያው አሊዩ አምባ ካርዷ ላይ ገብቶ፣ ወደ እኛ ቋት መጥቶ፣ ጋሽ ጠሃ በዓይናቸው ካዩ በኋላ ቢሮ ጠሯት።

«ሉባባ፣ ከእንግዲህ የትም ብትሄጂ ታሪክሽ ቀድሞሽ ይደርሳል» አሏት። «ይህንን ወረቀት ስጪኝና እኔ ላስቀምጥልሽ፤ ቅዳጅ ሆኗል።»

ቋጠሮዋን ፈታች፤ ግን ቶሎ አልሰጠቻቸውም።

«ጠሃ፣ ይኼ ነፍሴ ነው።»

«ወላሂ አውቃለሁ።»

ተቀብለው ደብተራቸው መሐል አስገቡት። እኚያ ሰው በሥራቸው ሲኮሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኮፍያቸውን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ።

ከዚያ ያ ዓርብ መጣ። ከበላይ አካል ጎብኚዎች ይመጣሉ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ይደርሳሉ ተባለ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ቆይቶ ስድስት ሰዓት ሲያልፍ መጣ፤ ሦስቱም መብራቶቼ ቀይ ናቸው። ጋሽ ጠሃ ወደ ጁምዓ ለመሄድ ጫማቸውን እያሰሩ፣ «እስክመለስ ምንም እንዳትነካ» አሉኝ። ሲወጡ ኃላፊው ገባ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። «ቀይ ነው እንዴ የምናሳያቸው? አንተ እኮ ነህ ባለሙያው!» አለኝ።

እኔ ነኝ ባለሙያው። ያቺ ቃል ልቤን ነካችው። ለወራት ያንገበገበኝን ነገር ሁሉ በሃያ ደቂቃ ልገላገለው ተነሳሁ። የድሮ ሰሌዳ ቁጥሮቹን አጥፍቼ 3307፣ 3308፣ 3309 ብዬ ንጹሕ አድርጌ አስተካከልኩ። ጎብኚዎቹ መረጃ ሲጎርፍ እንዲያዩ ብዬ መገልበጡ ከመጀመሪያው እንዲጀምር አዘዝኩ። ካርድ ዜሮን ዘለልኩት። በጥድፊያውም ለካራቆሬ ያሰብኩትን ቁጥር ለአሊዩ አምባ፣ የአሊዩ አምባን ለካራቆሬ ሰጠሁ። ይህንን ያን ሰዓት አላወቅሁም። ያየሁት ሦስት አረንጓዴ መብራት ነው። ጎብኚዎቹ መጡ፤ አጨበጨቡ፤ ፎቶ አነሱ፤ እኔን መሐል አቆሙኝ።

ጋሽ ጠሃ ከጁምዓ ሲመለሱ እንግዶቹ ሊሄዱ በር ላይ ነበሩ። በጎኔ መጥተው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ካርድ ዜሮስ?»

«ታይቷል» አልኩ።

ትንሽ አዩኝና አመኑኝ። ከዚያ በፊት አምነውኝ አያውቁም፤ ለዚያች ውሸት ግን አመኑኝ። ያበጠው ይፈንዳ ብዬ ሁሉንም ሰኞ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሰኞም አልነገርኳቸውም። በቀን አራት ጊዜ የሚቋረጠው መስመር ደግሞ፣ ሲፈርድብኝ፣ አራት ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳን አልተቋረጠም። ቢቋረጥ ጋሽ ጠሃ ይደውሉ ነበር፤ ሁሉም ነገር እዚያው ይያዝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ሉባባ እግሯ በቆርቆሮ ተቆርጦ፣ ቁስሉ አመርቅዞባት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ወዳለ ጣቢያ ሄደች። ሐኪሙ ቋታችንን ከፈተ። ስሟ ትክክል ነው፤ ዕድሜዋ፣ ሰፈሯ ትክክል ነው፤ እነዚህ መጀመሪያ በእጅ የገቡ ስለሆኑ አልተነኩም። በየቀኑ የሚገለበጠው የመድኃኒቱና የማስጠንቀቂያው ክፍል ነው፤ በእሷ ቦታ ላይ በዚያው ቁጥር የተመዘገበ የካራቆሬ ሰው ተገልብጦበታል። እሱ ምንም የማይስማማው መድኃኒት የለም።

«መርፌ አይስማማኝም፤ ወረቀት ነበረኝ» አለችው።

«እናቴ፣ እዚህ ምንም የለም። ሁሉም ነገር አሁን እዚህ ነው የሚገኘው» ብሎ ስክሪኑን አዞረላት። ማንበብ ለማትችል ሴት ስክሪን አዞረላት! ሐኪሙን ግን ምን ልለው እችላለሁ፤ ያመነው እኔን ነው።

ከተወጋች በኋላ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ትንፋሿ ተዘጋ፤ ወደቀች። ሐኪሙ ፈጣን ሆኖ ማርከሻውን ስለሰጣት ተረፈች። ስትወድቅ ቀኝ አንጓዋ ተሰበረ፤ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው። ከዚያ በኋላ ማሾ በጆንያ ማንሳት አልቻለችም።

ጋሽ ጠሃ ሮጠው ሄደው አይተዋት ተመለሱ። ሳይቀመጡ ካራቆሬ ደወሉ፤ ካርድ ዜሮ ላይ አስጻፉ። የነርሷ ዓረፍተ ነገር በአሊዩ አምባ ቦታ ገባች። ያን ጊዜ ተቀመጡ። መዳፋቸው ከጆሯቸው ላይ ወረደ።

«ታይቷል ብለኸኝ ነበር» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ምናለ!

በሳምንቱ ግምገማ ኃላፊው ነገሩን «የኔትወርክ ችግር» ብሎ በቃለ ጉባኤ አስያዘው። ኔትወርክ ከሆነ ማንም አይጠየቅም፤ ሁሉም ተነፈሰ፤ እኔም ተነፈስኩ። ጋሽ ጠሃ እጃቸውን አወጡ።

«ኔትወርኩ ምንም አላጠፋም። ቁጥር የቀየረ ሰው አለ። እሱ ራሱ ይናገር።»

«ጋሽ ጠሃ፣ እርስዎ የሚያውቁት ካለ ይንገሩን» አለ ኃላፊው።

«እኔ አልናገርም። እሱ እስኪናገር ግን ከዚህ አልነሳም።»

ወደ እኔ አላዩም። ወደ ማንም አላዩም። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት ተኩል ሆነ፤ ሰው በሙቀት ቀልጧል፤ ርቧል። አንዱ «ኧረ ጋሽዬ፣ ይልቀቁን!» ይላል፤ ሌላው ሰዓቱን ያያል። እኔ የወንበሬን ጠርዝ ይዤ ስለ ምሳ የማስብ መሰልኩ። በመጨረሻ ኃላፊው ስብሰባውን ዘጋና ሁላችንም ወጣን። እሳቸው ቀሩ። አሥር ሰዓት ላይ ውጭ መቆየት አቅቶኝ ተመልሼ ገባሁ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሸሚዛቸው በላብ ርሶ እዚያው ወንበር ላይ ናቸው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እኔማ አውቃለሁ። ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። «ለሉባባ ንገራት።»

«ነገ እነግራታለሁ።»

ድሮ የመረጧቸውን ሦስቱን ቁጥሮች መለስን። የሦስቱን ጣቢያ ካርዶች አንድ በአንድ በስልክ እያስነበብን ዘጠኝ ቀን አመሳከርን። ነገ ግን ነገ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ እጇ ጀሶ ውስጥ ነው፣ ትዳን አልኩ። ሲፈታላት ጠማማነቱን አየሁና አፈርኩ። በዚህ መሐል የጎብኚዎቹ ሪፖርት ፍሬ አፈራ፤ የዕድገት ደብዳቤ ደረሰኝና ወደ ትልቅ ከተማ ተዛወርኩ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሰው ከመግደል ለጥቂት ተረፍኩና ተሸለምኩ።

ከዚያ ስልኩ ጀመረ። ጋሽ ጠሃ በእኔ በዓላት ይደውላሉ፤ በገና፣ በፋሲካ፣ በመስቀል። «እንኳን አደረሰህ ዲግሪው» ይሉና፣ ስለ እናቴ ጤና ጠይቀው፣ ስለ ሙቀቱ ነግረውኝ፣ በመጨረሻ ያቺን ጥያቄ ያመጧታል።

«ነገርካት?»

«አልተመቸኝም ጋሽ ጠሃ።»

«ኢንሻአላህ ይመችሃል» ብለው ይዘጋሉ።

ስድስት ዓመት! በዓል ሲደርስ በጉ ሳይሆን ስልኩ ያስጨንቀኝ ጀመር። አንድ ጊዜ በፋሲካ ቀን እንግዳ ፊት ሆኜ ጮህኩባቸው። «ለምን እርስዎ አይነግሯትም? ጎረቤትዎ አይደለችም? ይንገሯትና ይገላገሉኝ!» አልኳቸው። «የአንተን ነገር እኔ እንዴት እናገረዋለሁ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስልካቸውን ማንሳት ተውኩ። በየበዓሉ ይጠራል፤ ስማቸው ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ እስኪያቆም አየዋለሁ። መጨረሻ የደወሉልኝ በመስቀል ነበር። ድምፁን አጥፍቼ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት።

ሰናይት ደውላ ከነገረችኝ በኋላ ሁለት ቀን አሰብኩ። እንግዲህ የሚያውቅ የለም። ቃለ ጉባኤው ኔትወርክ ነው የሚለው፤ ኃላፊው ጡረታ ወጥቷል፤ የሚጠይቀኝ ሰው ሞቷል። ነጻ ሰው ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ነጻ ሰው ሆኜ እንቅልፍ አጣሁ። በሦስተኛው ቀን ከሰናይት ቁጥር ተቀብዬ ለእትዬ ሉባባ ደወልኩ።

ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባት። «ከጠሃ ጋር ትሠራ የነበርከው ልጅ ነህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሳልቆም፣ ቆምኩ ማለት ቀረ ማለት ስለሆነ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ያን ዓርብ ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው መስጊድ ነበሩ፤ እንዳትነካ ብለውኝ ነበር፤ አረጋግጠሃል ወይ ሲሉኝ ዋሽቻቸዋለሁ አልኳት። ይቅርታ አልኳት። ከኋላዋ የገበያ ጫጫታ ብቻ ይሰማኛል። መስማቷን ለማረጋገጥ «እትዬ ሉባባ?» አልኩ።

«ጠሃ እኮ በማግስቱ ነው የመጣው» አለች። «‹ማዞሪያው በእኔ እጅ ነበር፤ ወረቀትሽንም የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ› አለኝ። ሌላ ሰው አለበት አላለኝም። አንድ ቃል አላለኝም።»

«አውፍ አሏቸው?»

«በረመዳን መጣ፤ መለስኩት። በአረፋ መጣ፤ መለስኩት። በየዓመቱ ነው የሚመጣው። ይህንን እጅ እያሳየሁ መለስኩት። ስድስት ዓመት ሰላምታውን አልተቀበልኩም፤ አጥር ለአጥር ሆነን! ጀናዛው በደጄ ሲያልፍ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወጥቶ ቆመ። እኔ በሬን ዘግቼ ማሾ ስለቅም ነበር።»

«እትዬ ሉባባ...» ብዬ ቀረሁ።

«አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «አንድ ሳምንት ቀድመህ ብትደውል ምን ነበረበት?»

ስልኩን ዘጋችው።